የሸርጣን የጨው ሚዛን አጠባበቅና የስያሜው ጣጣ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሥነ ሕይወት ጽሑፍ ትርጉም ላይ ስንሠራ፣ እንስሳት በሰውነታቸው ውስጥ ያለውን የጨውና የውሃ መጠን የሚጠብቁበትን ሥርዓት «ጨው ማመጣጠን» ብለን ሰይመነው ነበር። ቃሉ ለጆሮ አይከብድም፤ ከታወቀ ሥር የወጣ ነው፤ ለተማሪም የሚያስፈራ አይመስልም። ረቂቁን ወላይታ ሶዶ ላይ ለአንድ የሥነ ሕይወት መምህር ባነበብንላቸው ጊዜ ግን ጥቂት አሰብ አደረጉና፣ «ሸርጣኑ ደሙን ከወንዙ ውሃ ጋር ካመጣጠነማ በሕይወት አይቆይም» አሉን። እኛ ለጽሑፉ ውበት ስንጨነቅ የጽሑፉን ሐሳብ ገልብጠነው ኖሯል።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ መናገር ለሙያ ባልደረቦቻችን ይጠቅማል ብለን እናምናለን። «አመጣጠነ» ከ«መጠን» የሚወጣ ግስ ነው። «የተመጣጠነ ምግብ» ስንል በአንድ ማእድ ላይ ልዩ ልዩ ዓይነት ምግብ በተገቢው መጠን መገኘቱን እንገልጻለን፤ በዚያ አገባብ የሚያሻማ ነገር የለበትም። ሁለት ወገኖች ፊት ለፊት በቆሙ ጊዜ ግን፣ ማለት በዚህ በኩል የእንስሳው ደም በዚያ በኩል ደግሞ በዙሪያው ያለው ውሃ ሲኖር፣ «አመጣጠነ» የሚለውን ቃል የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ሁለቱን ወገኖች አቀራረበ፣ እኩል አደረገ ብሎ ይረዳል። የወንዝ ሸርጣን ዕድሜውን ሙሉ የሚታገለው ግን ይህ እኩልነት እንዳይመጣ ነው። ስለዚህ ስለ ቃሉ ከመናገራችን በፊት ስለ ነገሩ መናገር ግድ ይለናል።

የወላይታ ምድር ውሃ የበዛበት ነው። በምሥራቅ በኩል ብላቴ ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዳል፤ በምዕራብ ኦሞ ይፈስሳል፤ ከሶዶ ከተማ በላይ ካለው ከዳሞታ ተራራ ጅረቶች በየአቅጣጫው ይወርዳሉ፤ አጃቾና ሶኬ የተባሉት ወንዞችም አጆራ ላይ ጎን ለጎን ከገደል ይወረወራሉ። ይህ ሁሉ ውሃ በሸርጣን ሚዛን ሲመዘን ጨው አልባ ሊባል ጥቂት የቀረው ነው። አንድ ኪሎ ግራም የውቅያኖስ ውሃ ወደ 35 ግራም የሚጠጋ ጨው ይይዛል፤ በቀይ ባሕር መጠኑ ወደ 40 ይጠጋል። መሬት ያጠበው ደለል ቀይ ቡናማ መልክ የሰጠው የአባያ ውሃ በአንድ ሊትር አንድ ግራም ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ጨው ሲኖረው፣ ከተራራ የሚወርደው የጅረት ውሃ ደግሞ ከዚህም እጅግ ያነሰ ነው። በዚያው በስምጥ ሸለቆ ወደ ሰሜን ብንሄድ ነገሩ ይለወጣል። ዝዋይ ለስላሳ ውሃ ሲሆን ሻላና አቢጃታ ግን ጨዋማዎች ናቸው፤ አቢጃታማ ውሃው በሸሸ መጠን ጨዋማነቱ እየበረታ የሄደ ሐይቅ ነው።

እዚህ ላይ ለተርጓሚ አንድ ወጥመድ አለ። የሻላና የአቢጃታ ጨው በአብዛኛው እንደ ባሕሩ የገበታ ጨው አይደለም፤ የሶዲየም ካርቦኔትና ባይካርቦኔት ነው፤ የሶዳ አመድ የሚወጣውም ከዚሁ ነው። «ጨዋማነት» የሚለው ነጠላ ቃል ይህን ልዩነት ይሸፍነዋል። የአገራችን ከብት አርቢ ግን ልዩነቱን ከጥንት ያውቀዋል፤ ለወጡ የሚጨምረውን «ጨው»፣ ከአፋር በፍልጥ እየመጣ እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረውን «አሞሌ»፣ ለከብት የሚሰጠውን የአፈር ጨው «ቦሌ»፣ ከብት የሚጠጣውን የማዕድን ውሃ «ሆራ» ብሎ ለይቶ ይጠራል። የኬሚስትሪው «ጨዎች» የሚለው የብዙ ቁጥር መልክ ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም ልንለምደው የሚገባ ይመስለናል፤ ሸርጣኑ የሚጠብቀው ሶዲየምና ክሎራይድን ብቻ ሳይሆን ካልሲየሙን፣ ፖታሲየሙንና ማግኒዚየሙንም ጭምር ነውና።

በአገራችን ወንዞችና ሐይቆች የሚኖሩት ሸርጣኖች ፖታሞናውቴስ ከተባለው ወገን የሚቆጠሩ ናቸው። ስሙ ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገጠመ ሲሆን «የወንዝ መርከበኛ» ማለት ነው። ሳይንቲስቶች አንዳንድ ጊዜ ከእኛ የተሻለ ቀልድ ያውቃሉ። ከዚሁ ወገን የሆነውን የምሥራቅ አፍሪካ ሸርጣን፣ በዚያን ጊዜ አጠራር ፖታሞን ኒሎቲከስን፣ የእንግሊዝ ተመራማሪ ሾው በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በዝርዝር መርምሮታል። ይህ እንስሳ ቅድመ አያቶቹ የወጡበትን ባሕር ትቶ እጅግ ረጅም ዘመን በለስላሳ ውሃ የኖረ ቢሆንም፣ ደሙ ዛሬም የባሕርን ውሃ ግማሽ ያህል የጨው ክምችት ይዞ ይገኛል። በዙሪያው ካለው የወንዝ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ይህ ብዙ አሥር እጥፍ ነው።

ከዚህ ሁለት አደጋዎች ይከተላሉ። ውሃ ወደ ሰውነቱ ይገባል፤ ጨው ከሰውነቱ ይወጣል። የመጀመሪያውን ለመረዳት ለቅዳሴ በውሃ የሚዘፈዘፈውን ዘቢብ ማሰብ ይበቃል። በፍሬው ውስጥ ያለው ስኳር የበዛበት ፈሳሽ በቆዳው አልፎ ውሃውን ይስበዋል፤ የተጨማደደውም ፍሬ ተነፍቶ ይሞላል። (ብዙ መምህራን የሚጠቅሱት የተዘፈዘፈ ባቄላ ለዚህ ነገር ተስማሚ ምሳሌ አይደለም፤ ደረቅ ባቄላ በዋነኛነት ውሃ የሚመጠው እንደ ጨርቅ ነው።) በተቃራኒው የተከተፈ ሽንኩርት ላይ ጨው ቢነሰንሱበት ውሃ ያወጣል። ሸርጣን በብላቴ ውስጥ እንደ ዘቢቡ ነው፤ አለዚያም እንዲሆን የሚያስገድደው ኃይል ሌሊትና ቀን አይለየውም።

ታዲያ እንዴት ይቋቋመዋል? አንደኛው ዘዴ መዝጋት ነው። የሾው ጥናት እንዳሳየው የዚህ ሸርጣን አካል ከባሕር ዘመዶቹ ይልቅ ውሃንም ጨውንም በጣም ጥቂት ያሳልፋል። ሁለተኛው በሽንት በኩል የሚባክነውን መቀነስ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ አንባቢ የሚጠብቀው ሳይሆን ሌላ ነገር ይገጥመዋል። በለስላሳ ውሃ የሚኖረው የሸርጣን ዘመድ ክሬይፊሽ ጨዉን ከሽንቱ መልሶ አስቀርቶ ቀጭን ሽንት ያፈሳል። የወንዝ ሸርጣን ይህን አያውቅበትም፤ ሽንቱ የደሙን ያህል ጨዋማ ነው። በመሆኑም እያንዳንዷ ጠብታ ሽንት ኪሳራ ስለሆነች ሽንቱን እጅግ አሳንሶ ይኖራል፤ ይህንንም ሊያደርግ የቻለው ወደ ሰውነቱ የሚገባው ውሃ አስቀድሞ ጥቂት ስለሆነ ነው። አንዱ ዘዴ ሌላውን ይሸከመዋል።

ሦስተኛው ግን ከሁሉም የሚያስደንቀው ነው። ምንም ቢዘጋ ጨው መውጣቱ አይቀርም፤ በምግብ የሚያገኘውም ሁልጊዜ አይበቃውም። ስለዚህ ሸርጣኑ ጨው የሌለው ከሚመስለው ውሃ ውስጥ ጨው ይለቅማል። ሥራው የሚከናወነው በስንጥቦቹ ነው። በብዙ ሸርጣኖች ዘንድ የፊተኞቹ ስንጥቦች ቀጭን ልባስ ኖሯቸው በተለይ ለመተንፈስ ሲያገለግሉ፣ የኋለኞቹ ደግሞ ወፈር ያለ ልባስ ይዘው ጨው የማስገባቱን ሥራ ይሠራሉ። በልባሱ ሕዋሳት ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ማለትም ደሙን በሚነካው ወገን፣ ሦስት የሶዲየም አዮኖችን ከሕዋሱ አውጥቶ ሁለት የፖታሲየም አዮኖችን የሚያስገባ ፕሮቲን አለ። ለዚህም ሥራው ኤቲፒ የተባለውን የሕዋስ ነዳጅ ይከፍላል። ይህን ፕሮቲን የዴንማርኩ ሳይንቲስት የንስ ስኩ በ1957 እ.ኤ.አ. ያስታወቀው ከሌላ እንስሳ ሳይሆን ከባሕር ዳር ሸርጣን የእግር ነርቭ አግኝቶ ነው፤ በ1997 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አካፍሎታል። የሰው ኩላሊትና ነርቭም ያለዚህ ፕሮቲን አይሠሩም።

በዚህ ዐረፍተ ነገር ላይ ቆም እንበል፤ ተርጓሚዎች ሲሳሳቱ ያየነው እዚህ ነውና። «ሶዲየም ወደ ውጭ ይወጣል» የሚለው አነጋገር ከሕዋሱ አንጻር ትክክል ነው፤ ከሸርጣኑ አንጻር ግን ያ «ውጭ» የራሱ ደም ነው። ከሕዋሱ የወጣው ሶዲየም ወደ እንስሳው ገባ ማለት ነው። ይህን ያላስተዋለ ተርጓሚ ሸርጣኑ ጨዉን ወደ ወንዙ እንደሚጥል አድርጎ ይጽፋል። አማርኛ «ወጣ»ና «ገባ» የሚሉትን ግሦች ያለ መነሻና ያለ መድረሻ መጠቀም ይወዳል፤ በወሬ ጊዜ ይህ ችግር የለበትም፤ በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ግን «ከሕዋሱ ወደ ደሙ» ብሎ ሁለቱንም ጫፍ መጻፍ ግዴታ ነው።

የባሕር ሸርጣኖች ደግሞ እንደየመኖሪያቸው ይለያያሉ። ከጥልቁ ባሕር የማይርቁት፣ እንደ ማያ ያሉት፣ ደማቸው ከውሃው ጋር እኩል ሆኖ ይኖራል፤ ውሃው ሲቀጥን ደማቸውም ይቀጥናል፤ ለውጡ ከበዛ ይሞታሉ። በአውሮፓ ዳርቻ የሚገኘው ካርሲኑስ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ስፍራ ስለሚኖር፣ ውሃው ሲቀጥን ደሙን ከውሃው በላይ አድርጎ ይይዛል፤ ይህም እስከ ተወሰነ ድረስ ነው። ኤሪዮኬይር የተባለው የቻይና ሸርጣን በወንዝ አድጎ ለመራባት ወደ ባሕር ይወርዳል። ዴንማርካዊው አውጉስት ክሮግ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጨውን ከቀጭን ውሃ የመልቀም ችሎታን ካጠናባቸው እንስሳት አንዱ ይህ ነበር፤ በ1939 እ.ኤ.አ. ያወጣው መጽሐፍም ለዚህ የትምህርት ዘርፍ መሠረት ሆኗል። አንድ ትልቅ መቀስ ይዘው በጭቃማ ባሕር ዳርቻ የሚኖሩት ትንንሾቹ ሸርጣኖች ደግሞ ውሃው በትነት ከባሕር በላይ ሲጨው ደማቸውን ከውሃው በታች አድርገው ይጠብቃሉ። የእኛው ፖታሞናውቴስ ከሁሉም የሚለየው ወደ ባሕር መመለስ ጨርሶ ስለማያስፈልገው ነው፤ ጫጩቶቹ በእናታቸው ሆድ ሥር ካለው ዕንቁላል ትንንሽ ሸርጣን ሆነው ይወጣሉ እንጂ በባሕር የሚንሳፈፍ እጭ የላቸውም።

አሁን ወደ ቃላቱ እንመለስ። «ኦስሞሲስ» የተባለው ስም ከግሪክ የመጣ ሲሆን ፍችው መግፋት ነው። ቃል በቃል እንተርጉመው ብንል «ግፊት» ልንለው ነው፤ ነገር ግን «ግፊት» በፊዚክስ አማርኛችን ቦታውን ከያዘ ቆይቷል፤ «የኦስሞሲስ ግፊት» የሚለውም ሐረግ «የግፊት ግፊት» ሆኖ ያርፋል። ውሃ ወደ አፈር ሲገባ ከምንለው «ሰረገ» ላይ «ስርገት» ብንወስድ ለሐሳቡ ይቀርባል፤ ውሃው በቀዳዳ ሳይሆን በልባሱ ውስጥ ቀስ ብሎ ማለፉን ያሳያልና። ይሁን እንጂ «ስርገት» አቅጣጫ የለውም። የኦስሞሲስ ዋና ነገሩ ደግሞ ውሃው ጨው ወደበዛበት ማዘንበሉ ነው። እኛ ስሙን «ኦስሞሲስ» ብሎ በፊደላችን ጽፎ፣ በማብራሪያው ላይ ግን «ሰረገ» የሚለውን ግስ መጠቀምን መርጠናል። ባዕድ ቃል መቀበል ሽንፈት አይደለም። «ሸርጣን» ራሱ ከዐረብኛ የመጣ አይደለምን? በአውደ ነገሥቱ የከዋክብት ስሞች መካከል ተቀምጦ ቤተኛ ሆኗል፤ አገርኛው «ጎርምጥ» ግን ዛሬ ከመዝገበ ቃላት ገጽ ውጭ ብዙ አይሰማም። ዐረቡ በዚሁ በ«ሰረጣን» ካንሰር የተባለውንም በሽታ ይጠራበታል፤ የሕክምና ጽሑፍ ከዐረብኛ የሚተረጉሙ ይህን ልብ ይበሉ።

«ሃይፐር»ና «ሃይፖ» የተባሉትን ቅድመ ቅጥያዎች ግን እንዳሉ መቀበል አንደግፍም። በግሪኩ «በላይ»ና «በታች» ማለት ናቸው። በፊደላችን ሲጻፉና ሲነበቡ እጅግ ስለሚቀራረቡ፣ ሐሳቡ ደግሞ ፍጹም ተቃራኒ ስለሆነ፣ አንድ የአታሚ ስሕተት ሸርጣኑን ከወንዝ አንሥቶ ባሕር ይከተዋል። «ከውሃው በላይ ጨዋማ»፣ «ከውሃው በታች ጨዋማ» ብንል ረዘም ይላል፤ ነገር ግን የሚሳሳትበት የለም።

ጨውን ከጥቂት ወደ ብዙ የሚያሳልፈውን ሥራ ስለመሰየም «ሽቅብ» የሚለው ቃላችን ሳይጠራ መቅረቱ ያሳዝነናል። ኦስሞሲስ ቁልቁል ነው፤ ድካም የለውም። የስንጥቡ ሥራ ሽቅብ ነው፤ ነዳጅ ይጠይቃል። ከብላቴ ውሃ በሞተር ስቦ ማሳውን የሚያጠጣ ገበሬ «ፓምፕ» የሚለውን ቃል ያውቀዋልና «የሶዲየም ፓምፕ»ን አለመቀበል አላስፈላጊ ግትርነት ነው።

ደምስ? የሸርጣን ደም ብረትን ሳይሆን መዳብን የያዘ ፕሮቲን ስላለበት ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ በሥርና በሰውነት ክፍተት መካከልም ድንበር ስለሌለው ሊቃውንት «ሄሞሊምፍ» ይሉታል። ለምርምር ጽሑፍ ይህ ይጻፍ፤ ለተማሪ ግን «ደም» ቢባል ጥፋት አይሆንም።

ዋናው ቃል ቀርቷል። «ማመጣጠን»ን ትተናል። «የጨው ቁጥጥር» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ እኛ ግን ቃሉን ስንሰማ ኬላ ላይ የቆመ ተቆጣጣሪ ይታየናል። የተስማማንበት «የጨውና የውሃ ሚዛን አጠባበቅ» የሚለው ነው። «ሚዛን» የሚለውም ጥቂት ወደ እኩልነት ያዘነብላል የሚል ተቃውሞ ሊነሣበት ይችላል፤ ሆኖም «ሚዛኑን ጠበቀ» የሚባለው አንድ ሰው የራሱን አቋም ሳይለቅ ሲቀር ስለሆነ፣ ዐረፍተ ነገሩ ወደ ራሱ ወደ እንስሳው ይመለሳል። ደሙን ከውሃው ጋር የሚያመሳስለውን እንስሳ «አካባቢ መሰል» ብለነዋል። እስስት ቀለሙን እንደሚያመስል ዓይነት ነገር ይመጣብናል የሚሉ አሉ፤ ልዩነቱ እስስት ከቆዳዋ ሳታልፍ እነዚህ ግን እስከ ደማቸው መምሰላቸው ነው።

ይህ ሁሉ በአማርኛ ነው። የወላይትኛው ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወላይትኛ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በግእዝ ፊደል ከተማሩባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትም ይሰጥበታል። ውሃን «ሃታ»፣ ጨውን «ማጢኔ»፣ ደምን «ሱታ» ይላል። (የአናባቢውን ርዝመትና የተናባቢውን ጥብቀት ፊደላችን ስለማይለይ አጻጻፋችን ጎደሎ ነው።) «አባ» የሚለው ቃል ባሕርንም ሐይቅንም ሊሸፍን ይችላል፤ አማርኛም በ«ባሕር» ጣናን ይጠራ እንደነበር ባሕር ዳር ምስክር ናት። ለእኛ ርእስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የባሕር ሸርጣንና የአባያ ሸርጣን የሚኖሩባቸው ውሃዎች ሠላሳ አምስት እጥፍና ከዚያም በላይ በጨው እየተለያዩ በአንድ ስም ቢጠሩ የትምህርቱ ፍሬ ነገር ይጠፋል። መለያ ቅጽል ማስገባት የግድ ይሆናል።

ቅጽሉን ግን እኛ አዲስ አበባ ተቀምጠን ልንፈጥረው አይገባም። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች አዳቅሎ «ወጋጎዳ» በተባለ ስም የተዘጋጀው የመማሪያ መጽሐፍ ወደ ትምህርት ቤቶች በገባ ጊዜ ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ መጻሕፍቱም እንዲቀሩ ተደርጓል። አራቱ ቋንቋዎች የተዛመዱ መሆናቸውን የቋንቋ ሊቃውንት አይክዱም፤ የዝምድናው ሐቅ ግን የተናጋሪውን ፈቃድ አልተካም። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ባልደረቦቻችን መካከል ስለ ስያሜ ሲነገር ያንን ጊዜ የማያስታውስ ጥቂት ነው።

ስለዚህ በያዝነው ሦስት ዓምድ ባለው መዝገብ ውስጥ፣ ለሸርጣኑ፣ ለስንጥቡና ለሚዛን አጠባበቁ የወላይትኛውን ዓምድ ባዶ ትተነዋል። በአባያ ዳር የሚሠሩ ዓሣ አጥማጆችና በሶዶ የሚያስተምሩ መምህራን የሚሉትን ለመመዝገብ በቅድሚያ ያዘጋጀነው ጥያቄ፣ «ይህን እንስሳ ምን ትሉታላችሁ?» የሚል ብቻ አይደለም፤ «ውሃው ጨው አለው፣ የለውም ስትሉ በምን ቃል ትለዩታላችሁ?» የሚለውም አለበት። ዘቢብና ሽንኩርትም ይዘን እንሄዳለን።